ከአሥራ አራተኛው ፎቅ ያየሁት

ለእህቴ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ ይድረስሽ። እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ክረምቱ ገና ሳይገባ በረዶ ጥሎባችኋል አሉ፤ ደረጃው ላይ አሸዋ የሚበትንልሽ ሰው አለሽ? ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ «እንደምን አለሽ» ሳልልሽ ኖሬ ዛሬ ብድግ ብዬ ስጠይቅሽ እንደሚያስቅ አውቃለሁ። ባለፈው ሚያዝያ ባልሽ ሲያርፍ አበባ ልኬ መቅረቴንም አልረሳሁትም፤ አንቺም አትረሺውም። እኔ ደህና ነኝ። ግፊቴን እንጃ እንጂ ምላሴ እንደምታውቂው ነው። ባሌ ኦሪንም ደህና ነው ልልሽ ነበር፤ ግን የጻፍኩልሽ ለመዋሸት አይደለም።

ጡረታ ስንወጣ ነብራስካን ትተን ኔቫዳ በረሃ መግባታችንን ከዘመድ ሳትሰሚ አልቀረሽም። የምንኖረው ሐይቅ ዳር ከቆሙት ሁለት ረጃጅም ሕንጻዎች በአንዱ፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እውነቱን ለመናገር አሥራ ሦስተኛው ነው፤ ሰው ቁጥሩን ስለሚፈራ አሳንሰሩ ላይ ከአሥራ ሁለት ቀጥሎ አሥራ አራት ተጽፏል። ሐይቁ የእግዜር ሥራ አይደለም፤ ሰው ቆፍሮ የሞላው ነው። ዙሪያው ሣር ነው፣ የጎልፍ ሜዳ፤ ከሣሩ ወዲያ ድንጋይ። አንዳንድ ጠዋት ቀንዳም የበረሃ በጎች ከተራራው ይወርዱና ሣሩን ይግጣሉ። አባታችን ቢያይ «ይኼን ሁሉ ውሃ ለኳስ!» ብሎ ያብድ ነበር።

ኦሪን በየቀኑ ፀሐይ ሳይበረታ ጎልፍ ይጫወታል። መጀመሪያ ብቻውን ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ግን አሥራ ዘጠነኛ ፎቅ የምትኖር ማርሊስ የምትባል መበለት አብራው መውጣት ጀመረች። እህቴ፣ ሰው በወጣት ይቀናል፤ እኔ በስድስት ዓመት በምትበልጠኝ በሰባ አራት ዓመት አሮጊት ቀናሁ! ቀጥ ያለች፣ ፀጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች፣ ስትስቅ ጥርሷ የራሷ የሆነ ሴት ናት። ኑሮዋም ከእኔ አምስት ፎቅ ከፍ ይላል፤ በረንዳዋ በሁለት በኩል ሐይቁን ያያል። ይኼም አናዶኛል፤ አልደብቅሽም።

ኦሪን ደግሞ ከእኔ እየራቀ ሄደ። ጋዜጣ ማንበብ ተወ። «መንዳት ሰለቸኝ» ብሎ የመኪናውን ቁልፍ አስረከበኝ። ፀጉሬን ቀለም ተቀብቼ ብመጣ ሦስት ቀን ሙሉ አላየልኝም፤ በአራተኛው ቀን «ምነው ዝም አልከኝ?» ስለው «አምሮብሻል» አለኝ፣ መስኮቱን እያየ። ሌሊቱን እርር ድብን ስል አደርኩ። ዘጠነኛ ፎቅ ያለችው ቨርና፣ ወሬ ካላደለች ቁርስ የማይበላላት ሴት፣ አሳንሰር ውስጥ ባገኘችኝ ቁጥር ትወጋኛለች። አንድ ቀን «ዛሬም ከባለ አሥራ ዘጠነኛዋ ጋር ወጣ? እኔ ብሆን አንገቱ ላይ ቃጭል አስርለት ነበር» አለችኝ። ሳቅሁላት፤ ውስጤ ግን ደም ለበሰ።

ከዚያማ ምን የማላደርገው አለ? ማርሊስ በረንዳዋ ላይ ነፋስ ሲነካቸው የሚንሿሹ የብርጭቆ ዘንጎች ሰቅላ ነበር። ለሕንጻው ኮሚቴ ስሜን ሳልጽፍ «እንቅልፍ ነሡን» ብዬ ደብዳቤ አስገባሁ። በሳምንቱ ዘንጎቹ ወረዱ። እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ወዲያው ደግሞ እንደዚያን ቀን ራሴን ንቄ አላውቅም።

ቀጥሎ አቅራቢ መነጽር ገዛሁ። ለኦሪን «ወፍ አይበታለሁ» አልኩት። ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ እነሱን እከተል ጀመር። ባለፈው ጥቅምት ሐይቁ ዳር ባለው ሰባተኛው የኳስ ጉድጓድ ላይ ቆመው ነበር። ማርሊስ ከኋላው መጣች፤ ሁለቱን ትከሻዎቹን ይዛ ቀስ አድርጋ ወደ ግራ አዞረችው። ጆሮው ሥር የሆነ ነገር አለችው። እሱም ሳቀ። ድምፁ አይሰማኝም፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ግን አየሁ። እኔ ዘንድ እንዲያ ሳይስቅ ስንት ዓመቱ!

ልብስ ልለውጥ እንኳ አላልኩም። በነጭ የመታጠቢያ ካባዬ፣ በነጠላ ጫማዬ ወጣሁ። አሳንሰሩ ዘጠነኛ ላይ ቆመና ቨርና ገባች፤ ወደ መዋኛው ልትወርድ ነው መሰለኝ እሷም ነጭ ካባ ለብሳለች። አንድ ጊዜ ፊቴን አየችና መዋኛውን ረስታ ተከተለችኝ።

የጎልፍ ክበቡ ሰገነት ላይ ስንደርስ ኦሪንና ማርሊስ ጨዋታውን አቋርጠው ለቁርስ ተቀምጠው ነበር። እሷ እንቁላሉን ትቆርጥለታለች! እንደ ሕፃን! ደሜ ፈላ፤ ከሃያ የማያንስ ሰው ባለበት «የራስሽን ባል ቀብረሽ የእኔን ልትቆፍሪ መጣሽ?» አልኳት። ሹካ ሁሉ ቆመ። ማርሊስ ቀላች። ኦሪን ብድግ አለ። ተረጋግቶ፣ እንደ ጨዋ ሰው፣ ወደ እኛ መጣ። እጁን ዘረጋና «ነይ የእኔ ፍቅር፣ ሰው ፊት አይሆንም፤ ቤት እንነጋገር» አለ።

የያዘው የቨርናን እጅ ነበር።

እኔ ከጎኗ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆሜአለሁ። ቨርና አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን ታያለች። እሱ እጇን እንደያዘ፣ ፊቷን አተኩሮ እያየ፣ «እባክሽ» አላት። እኔ «ኦሪን፣ እዚህ ነኝ» አልኩ። ያኔ ፊቱ ላይ ያየሁትን ልጽፍልሽ ሞክሬ ሁለት ወረቀት ቀደድኩ፤ ይቅር።

ዓይኑ ከሄደ ሁለት ዓመት አልፎታል፣ እህቴ። ጨርሶ አልታወረም፤ መሃሉ ጠፍቶበት ዳር ዳሩ ቀርቶለታል። የሣሩን ጫፍ ያያል፣ ሐይቁን ያያል፤ ፊት ለፊቱ ያለውን ሰው ግን ጭጋግ ይውጠዋል። ማርሊስ ያወቀችው አሳንሰር ውስጥ የቁጥሮቹን ቁልፎች በጣቱ ሲዳብስ አይታው ነው፤ የሟች ባሏም ሕመም ይኸው ነበርና። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሜዳ ላይ ዓይኑ ሆነችለት። ትከሻውን ይዛ ያዞረችው ጉድጓዱ ወዴት እንደሆነ ልታሳየው ነው። ጆሮው ሥር ያለችው ደግሞ «በግራህ አንድ በግ ቆሞ ይታዘብሃል» ነበር አሉ።

ቤት ገብተን «ለምን አልነገርከኝም?» ብዬ ጮህኩበት። ወደ በረንዳው ዞረ። ከዚያ «ፊትሽን ማየት አቆምኩ ብዬ እንዴት ልንገርሽ?» አለኝ። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ አሥራ ዘጠነኛ ፎቅ ወጥቼ በሯን አንኳኳሁ። ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ስለ ደብዳቤውም ተናዘዝኩ። ማርሊስ «አውቄው ነበር፤ የኮሚቴው ጸሐፊ እኮ እኔ ነኝ፣ ደብዳቤ የምከፍተውም እኔው» አለችኝ። ቀጥላም «ስሙን የማይጽፍ ሰው ቢያንስ የፎቁ ቁጥር የታተመበት ፖስታ አይጠቀምም» ብላ ሳቀች። አሁን ሦስታችን አብረን እንወጣለን። እሷ ለዚህ ተሰጥኦ አላት፤ እኔ የለኝም። ኳሱ ሐይቅ ውስጥ ሲገባ እኔ «ገባ» እላለሁ። እሷ ግን «ሣሩ ላይ ነው፣ ጥሩ መታህ» ትለውና ከኪሷ ሌላ ኳስ አውጥታ ሣር ላይ ታስቀምጥለታለች። ይህን አልነገርኩትም።

ቅናቴ ለቀቀኝ እንዳትዪ። ዛሬም አለ፤ ቦታውን ቀየረ እንጂ። በሴትነቷ አይደለም የምቀናው፤ ያን የሚያህል ነገር ሁለት ዓመት አብራው በመሸከሟ ነው። ባሌ የከበደውን ይዞ ወደ እኔ አለመምጣቱ ነው የሚያንገበግበኝ። ይህን ሳሰላስል ሌላ ነገር ታወሰኝና ብዕር አነሣሁ።

አባታችንን የቀበርን ዕለት ነው። እንግዳው ሁሉ ሳሎን ነበር። እኔ ወጥ ቤት ዕቃ ሳጥብ በመስኮት አሻግሬ አየሁ፤ አንቺና ኦሪን ከእህል ጎተራው ጀርባ ቆማችኋል። ግንባሩን ትከሻሽ ላይ ጥሏል፤ እጅሽ ማጅራቱ ላይ ነው። ሳህኑን አስቀመጥኩና መጋረጃውን ዘጋሁ። በዚያው ምሽት ተነሥተን ሄድን። አልጠየቅሁሽም፤ እሱንም አልጠየቅሁትም። በየገናው የላክሽልኝን ካርድ አልከፈትኩም። አልጣልኩትምም፤ ሠላሳ አንዱም እዚህ መሳቢያ ውስጥ ነው።

ትንሿ ልጃችን ካረፈች ያን ጊዜ ስድስት ወር አልሞላም ነበር። እኔ በየቀኑ አለቅስ ነበር። ኦሪን በእኔ ፊት አንድም ቀን እንባ አላፈሰሰም። ጎረቤቱ ሁሉ «ምን ዓይነት ብርቱ ሰው ነው!» ይል ነበር፤ እኔም እል ነበር። ከጎተራው ጀርባ ትከሻሽ ላይ ያፈሰሰው ያን እንባ ይሆን?

ሌላ የምጽፈው የለኝም። ለጥያቄ ጊዜው ሠላሳ አንድ ዓመት አልፎታል፤ መልሱንም የማገኘው ከአንቺ ይሁን ከእሱ አላውቅም። እንግዳ የሚያድርበት ክፍል አለን። ጥር ላይ እዚህ ብርድ የለም፤ ለጉልበትሽም ይስማማሻል። ኦሪን መጻፌን አያውቅም። ስትመጪ ፊት ለፊቱ አትቁሚ፤ እዚያ ሰው አይታየውም። በስተቀኙ ጠጋ ብለሽ ቁሚለት፤ የሚለይሽ እንደዚያ ነው። ትከሻሽን ከፈለገም ስጪው፤ እኔ ዞር እልላችኋለሁ።

አምላክ ደጅሽን በሰላም ይጠብቅልሽ፣ መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ለመገናኘት ያብቃን።

በመስኮት አይታ የዘጋችው
ታናሽ እህትሽ