ባለ ጫጩቷ ሸክላ

ውድ ጆሮ፣

እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም። የት እንዳለህ እንኳ ሳላውቅ ደህንነትህን ብጠይቅ እንደምትስቅብኝ አውቃለሁ። ሱቁ እንዳለ ነው። ወንበርህም ጥጉን እንደያዘ ነው፤ ደንበኛ ሊቀመጥበት ሲል «እግሩ ላልቷል» እያልኩ አስነሣዋለሁ። የጻፍኩልህ ግን ናፍቆኝ ብቻ አይደለም። ዕድሜህን ሙሉ የፈለግኸው ሸክላ መጥቷል።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው፤ ምናልባት ይህን ወረቀት ሌላ ሰው ቢያነበው ጨርሶ እንዳይስትብኝ። ሁለታችን አሮጌ የጃዝ ሸክላ ስንለቅም ሥራችን ለሁለት የተከፈለ ነበር። እኔ አጉሊ መነጽሬን ይዤ መሃሉ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ቀለም፣ ከስሙ ሥር ያለውን አድራሻ፣ ሙዚቃው ካለቀ በኋላ ባለው ልሙጥ ቦታ ላይ የተጫረውን ቁጥር አይና «የመጀመሪያ ህትመት ነው» ወይም «ቆይቶ የታተመ ነው» እላለሁ። አንተ ዓይንህን ጨፍነህ ታዳምጥና ወፍራሙ የቤዝ ድምፅ ከሳሳብህ «ይሄማ የልጅ ልጁ ነው» ትላለህ። እኔ መነጽር፣ አንተ ጆሮ የተባልነውም ለዚህ ነው። የምንጣላው በአንድ ነገር ብቻ ነበር። የመጨረሻው ዜማ እንዳበቃ መርፌውን ላነሣ እጄን ስሰድ፣ ክንዴን ትይዝና «ቆይ፣ አላለቀም» ትለኛለህ። ከዚያ በኋላ ምንም የለም፤ መርፌው እሽሽ እያለ ይዞራል።

ምክንያቱን የነገርከኝ ብዙ ቆይተህ ነው። ልጅ ሳለህ ጎረቤታችሁ አንድ ጡረታ የወጣ ባቡር ነጂ ነበር። እሱ ጓሮውን ሲኮተኩት አንተ ሳሎኑ ገብተህ ብቻህን ሸክላ ትሰማለህ። የምትወዳት አንዲት የፒያኖ ሸክላ ነበረች፤ ወረቀቷ ላይ በእርሳስ ጫጩት ስለህባታል፤ ሦስተኛውን እግር የጨመርከው ተሳስተህ ነው፤ ላጲስ አልነበረህም። አንድ ቀን ሙዚቃው አልቆ መርፌው በዝምታው ላይ ሲዞር ሰዎች ተናገሩ፤ በእኛው ቋንቋ። አንድ ወንድ «ቆይ፣ አላለቀም» አለ። አንዲት ሴት «እሺ» አለች። ከዚያ ሌላ ወንድ፣ እያለቀሰ፣ «ተነሥና ውጣ፣ ልጄ» አለ። ፈርተህ ወጣህ። ደጁን እንደረገጥህ የሳሎኑ ጣሪያ አንተ ተቀምጠህበት በነበረው ቦታ ላይ ተደረመሰ።

እኔ ደግሞ አዋቂ መስዬ «ፒያኖ ተጫዋቹ ቋንቋችንን ማን አስተማረው?» ብዬ ሳቅሁብህ። አንተ አልሳቅህም። ሌላ ሰው ቢሆን መልአክ ነው ይላል፣ ወይም ሰይጣን ነው ይላል። አንተ ግን ሸክላ ለቃሚ ነህና የህትመት ልዩነት ነው አልክ። የመጀመሪያው ህትመት ላይ አለ፤ በኋላ ሲያሳትሙት ቆርጠው ጥለውታል አልክ። በዚህ እምነት ስንት ከተማ፣ ስንት ጓዳ በረበርን፤ የምናገኘው ሁሉ የልጅ ልጅ ሆነብን። ሆስፒታል ተኝተህ እንኳ «ያ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው የሚያለቅሰው?» እያልክ ትጠይቀኝ ነበር፤ እኔ የማውቅ ይመስል። አላውቅም አልኩህ።

ባለፈው ወር ቤት የሚያፈርስ ግንበኛ አንድ ካርቶን ተሸክሞ መጣ። ከላይ ያሉት እርባና የላቸውም። ከሥር ያለውን ሳወጣ ወረቀቱ ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ የኋለኞቹ ህትመቶች ላይ የሌለው ክብ ጎድጓዳ መስመር አለው፤ ቁጥሩም በእጅ የተጫረ ነው። ጠርዙ ተሸርፏል። ወረቀቱ ላይ ደግሞ የደበዘዘች ጫጩት አለች፤ እግሯ ሦስት።

ቀትር ላይ ነበር፤ መንገዱ በሰው ተሞልቷል። እንደ እንቁላል ይዤ ማጫወቻው ላይ አስቀመጥኳት። ሙዚቃው አለቀ። እጄ እንደ ልማዱ ወደ መርፌው ሄደ።

«ቆይ፣ አላለቀም።»

አንተ ነህ። ከመናገርህ በፊት ጉሮሮህን ስትጠርግ ሁሉ ይሰማል። ያውም የጎልማሳነትህ ድምፅ አይደለም፤ የመጨረሻው ዓመት ነው፤ ያ ከታመምክ ወዲህ የመጣው ሻካራ። እጄ አየር ላይ ቀረ። ዞሬ ወንበርህን አየሁ፤ ባዶ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲሉ እውነታቸውን ነው። ዕድሜህን ሙሉ ስታሳድድ የኖርከው የራስህን ድምፅ ነበር። ሴቲቱና ሁለተኛው ወንድ ግን አልነበሩም፤ ካንተ በኋላ ያለው ዝምታ ብቻ ነው።

ዓይኔን እንጂ ጆሮዬን አላምንምና ደንበኛችን የጥርስ ሐኪሙ የዚያኑ ህትመት ሌላ ቅጂ አፈላልጎ እንዲያመጣልኝ ለመንኩት። አመጣ። ቀለሙ ያው፣ ቁጥሩ ያው፣ የጫረውም እጅ ያው ነው። አጫወትኩት፤ ጭጭ። ስለዚህ ተሳስተህ ነበር፣ ወንድሜ። ህትመቱ አይደለም። ከታተሙት ሁሉ ይህች አንዲት ሸክላ ብቻ ናት።

ለባለቤትህ ልንገራት አልንገራት እያልኩ ሰነበትኩ። ባትሰማው እኔ አብጃለሁ ማለት ነው፤ ብትሰማውስ ምን ላደርጋት ነው? ግን እሷው ናት አንድ ቀን በሱቁ ስታልፍ ገብታ ያስጨነቀችኝ። «ወንድምዓለም፣ መልኩ አለ፤ ድምፁ እየጠፋብኝ ነው» አለችኝ። አንተ ድምፅህ ሲቀዳ አትወድም ነበር፤ እኔ አዳማጭ ነኝ እያልክ አንድ ቃል እንኳ ሳታስቀርላት ሄድክ። አንጀቴን በላችው። «እታለም፣ ቁጭ በይ» አልኳት። ወንበርህ ላይ ተቀመጠች፤ አልከለከልኳትም።

ሙዚቃው አለቀ። አንተም ተናገርክ። ትጮሃለች ብዬ ስጠብቅ፣ ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ አስተካከለችና፣ ቤት ውስጥ ከሌላ ክፍል ስትጠራት እንደምትመልስልህ፣ በቀስታ «እሺ» አለች። ከዚያ ተነሥታ ቦርሳዋን ያዘች። «ዛሬ እንቅልፍ ይወስደኛል» ብላኝ ሄደች።

በማግስቱ ለራሴ ስል ደግሜ አጫወትኳት። «ቆይ፣ አላለቀም» አልክ። ከዚያ የወንበርህ ሲጢጥ ማለት ተሰማ፤ ቀጥሎም የእሷ «እሺ»።

ሸክላ ያጫውታል እንጂ አይቀዳም። ይህን እኔና አንተ ለስንቱ ሰው አስረድተናል። መነጽሬን አንሥቼ ልሙጡን ቦታ አየሁት። ትናንት ምንም ያልነበረበት ላይ አንዲት ቀጭን መስመር ወደ ወረቀቱ ገብታለች። ከእሷ ወዲያ የቀረው ቦታ ጥፍር አያክልም፤ ለሁለት ሦስት ቃል ቢበቃ ነው። በጣቴ ቆጠርኩ።

ሁለቱ ድምፆች አሉ። ልጁ የሰማው ሦስት ነው።

ጊዜ እንዴት እንደሚዞር አላውቅም፤ እኔ የማውቀው በዓይን የሚታይ ነገር ነው። የማየው ባዶ ቦታ ነው። ባዶ ሆኖ ከቀረ ያ ልጅ ከጣሪያው ሥር እንደተቀመጠ ይቀራል። በሕይወት ተርፈህ አብረን አርጅተናል፤ እንግዲያው ሦስተኛው ሰው ተናግሯል ማለት ነው እላለሁ። መልሼ ደግሞ ሦስተኛው እኔ ከሆንኩ ገና አልተናገርኩም እላለሁ። ትናንት ሱቁ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የሁለታችንን ፎቶግራፍ መስታወት ስወለውል ያንተ ፊት በኩል ምንም ብፈትገው ጭጋጉ አልለቅ አለኝ። የኔ በኩል ጥርት ብሏል።

ለምን እስካሁን ዘገየህ ብትለኝ፣ ልንገርህ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። እኔ ከተናገርኩ በኋላ ሸክላው ይሞላል፤ ሌላ ቃል የሚገባበት የለም። ደግሞ መርፌው ዝምታው ላይ ሲደርስ ምላሴ ጫፍ ላይ የሚመጣው ያ ትክክለኛው ቃል አይደለም። «አትሂድ» ነው። ቁጭ በል፣ እዚህ ወንበርህ አለ፣ ሌላ ሸክላ እናዳምጥ ማለት ነው ያማረኝ። ይህን ብል ግን ልጁ ይሰማኛል፤ ታዛዥም ልጅ ነበርክ።

ነገ ቀትር ላይ ሱቁን እዘጋለሁ። መርፌውን አስቀምጣለሁ፤ ሲያልቅ እጄን አልሰድም። አንተ «ቆይ» ትላለህ፤ እሷ «እሺ» ትላለች። ከዚያ ተራው የኔ ነው። ያ ሰውዬ ምን ሆኖ እንደሚያለቅስ ስትጠይቀኝ አላውቅም ብዬህ ነበር። አሁን አውቃለሁ፤ «አትሂድ» ማለት እየፈለገ «ውጣ» ስለሚል ነው።

እንደሰማኸኝ ተነሥ፣ ወደኋላ አትይ። ኋላ ስታድግ አንድ መነጽር ያደረገ ሰው ታገኛለህ፤ ታሪክህን ስትነግረው ይስቅብሃል። ታገሠው።

መነጽርህ