የሴልሳ እሑድ

ዓርብ፣ ዲሴምበር 20
ገበያው ደህና ነበር። የምሸጠው ኦክቶፐስ ገና በጠዋቱ አለቀ። ከጎኔ ዓሣ የምትሸጠው ማሩሻ ሬዲዮኗን ከፈተችና አብረን ሰማን። የአውሮፓ ፍርድ ቤት ፈርዷል... የቤት ሠራተኛም ብትሆን በቀን ስንት ሰዓት እንደሠራች አሠሪዋ መመዝገብ አለበት አለ።

«በይ እንግዲህ፣ ለሠራተኛሽ ለሴልሳ የፋብሪካ ደወል ግዢላት» አለችኝ ማሩሻ።

«ሴልሳ እኮ ቤተሰብ ናት። ከእኛው ማዕድ ነው የምትበላው።»

«እኔም ባሌን እንደዚያ እያልኩ ነው የማሠራው።»

ተሳሳቅን። ቤት ስገባ ግን ሳቁ ጠፋብኝ... ለምን?

እሑድ፣ ዲሴምበር 22
ወንድሜ ሴኔን ለምሳ መጣ። ሴልሳ ከፓራጓይ መጥታ እናታችንን፣ እማማን፣ መንከባከብ ከጀመረች ሦስት ዓመቷ። እሑድ ዕረፍቷ ነው፣ ከእኛ ጋር ቁጭ ብላ ትበላለች... እንላለን።

ዛሬ ዓይኔ ከእሷ ላይ አልነቀል አለ። አንድ ማንኪያ ለእማማ፣ አፏን መጥረግ፣ እንደገና ማንኪያ... የራሷ ሾርባ ላይ ስቡ ረግቶ ነጭ ሆነ። እኛ ጨርሰን ስንነሳ ጀመረችው።

«አሙቂው እንጂ ልጄ።»

«ግድ የለም እትዬ ፑራ፣ ለምጄዋለሁ።»

ከፊት ለፊቴ ተቀምጣ ነው የለመደችው። የት ነበርኩ?

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 2
እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ባለፈው መኸር እህቷ እዚሁ ከተማ ወለደች። «እሑድ ሄጄ ልጁን ባየው...» ብላኝ ነበር። «እሑድማ አብረን ነን» አልኳት። ስጦታ የሰጠኋት መስሎኝ። ልጁን እስካሁን አላየችውም።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 7
ከሴልሳ ጋር ተቀምጠን የሥራ ሰዓቷን መጻፍ ጀመርን። እሷ ታሳንሳለች፣ እኔ እጨምራለሁ። ያለፉትን እሑዶች ግን ምን ብዬ ልጻፋቸው?

ለሴኔን ደወልኩ። «እሑድ እሑድ እማማን እኔና አንተ እንያዝ።»

«ምነው፣ ከሰሰችሽ እንዴ?»

«አልከሰሰችም። እሱ ነው የከፋብኝ።»

እሑድ፣ ጃንዋሪ 12
ሴልሳ ለልጁ የሠራችውን ሰማያዊ ሹራብ ይዛ በጠዋት ወጣች። በሩ ላይ ሁለቴ ዞራ አየችን። ሴኔን አልመጣም፣ ጉንፋን ይዞታል አሉ...

እማማ በየማንኪያው ትጠይቀኛለች።

«ሴልሳስ?»

«ዕረፍት ላይ ናት፣ እማማ።»

«ውይ፣ ምን አመማት?»

አፏን ጠረግኩላት። ሌላ ማንኪያ...

የኔ ሾርባ ላይ ስቡ ረጋ። ሳላሞቀው በላሁት።