ዘጠነኛው ደወል

ውድ ጋሼ፣

እንደምን ሰነበቱ ብዬ ልጀምር ነበር። ግን ደህና እንዳልሰነበቱ ስምንት ወር ሙሉ ከመስኮቴ ሳይዎት ከርሜ ምኑን እጠይቅዎታለሁ? ስለዚህ ዋናውን ላስቀድም። በዚያች ሌሊት «ዘጠኝ ደወል ሰምቻለሁ» ያሉት እውነት ነው። ዘጠኝ ነበር። ስምንተኛውንም ዘጠነኛውንም የደወልኩት እኔ ነኝ።

ይኸው ወጣልኝ። ወረቀቱን ቀደው ካልጣሉት የቀረውንም ይስሙኝ።

ትናንት ባለቤትዎ እትዬ ቀሚሳቸውን ሊያስጠብቡ ሱቄ መጥተው ነበር። መርፌ በአፌ ይዤ ወገባቸውን ስለካ «ጋራዡን ሊሸጠው ነው እኮ፣ ሰኞ ይፈራረማሉ» አሉኝ። መርፌውን ልውጠው ምንም አልቀረኝም። ምነው ብላቸው፣ «ጆሮዬን አላምነውም ይላል። ሌሊት እየተነሳ ‹ደወል ሰማሽ?› ይለኛል። አልሰማሁም ካልኩት ተመልሶ አይተኛም» አሉ። እኔ ራዲዮ ብላችሁ ስም ያወጣችሁልኝ ሴት፣ ዝም ማለት የማላውቀው፣ መለካቴን ቀጠልኩ። ቀሚሱንም አበላሸሁት፤ ይንገሯቸው፣ በነፃ እሠራዋለሁ።

ያን ሌሊት የብስክሌት ቡድናችን ሲጓዝ እርስዎ ከፊት ሆነው ያላዩትን እኔ ከኋላ ሆኜ አይቻለሁ። ሕጉን ያወጡት እርስዎ ነበሩ። ድምፅ በዝናብ ይጠፋል፣ ደወል ግን አይጠፋም ብለው፣ በየድልድዩና በየመገንጠያው ከፊት አንዴ ይደውላሉ፣ ከኋላዎ ያለው ይከተላል፣ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው ብስክሌት ይወርዳል። ዘጠኝ ከሞላ «ሙሉ ነን!» ብለው ይነዳሉ። ከጎደለ ሁላችንም ቆመን የጎደለውን እንጠብቃለን። ስምንተኛዋ እኔ፣ ዘጠነኛው መምህሩ።

መምህሩን ያውቁታል፤ ኬሚስትሪ እንጂ ብስክሌት ነገሩ አይደለም። እስከ እኩለ ሌሊት ሦስት ጊዜ አስቁሞናል። አንዴ መነጽሩ ጉም ለብሶ፣ አንዴ ጫማው ላይ የጠቀለለው ፌስታል የብስክሌቱ ካቴና ውስጥ ገብቶ፣ አንዴ ደግሞ ሽንቱ መጥቶ። በሦስተኛው ከቡድኑ ደላላው «ይሄ ሰውዬ የመጣው ለጉዞ ነው ለጉብኝት?» ሲል ሁላችንም ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ፤ ውስጤ ግን እርር ብሎ ነበር።

ዳገቱን እንደጨረስን ዝናቡ ወደ በረዶ ተለወጠ። ጓንቴ ውሃ ጠጥቶ ጣቶቼ የሌላ ሰው መሰሉኝ። ፍሬን መያዜን የማውቀው ጎማው ሲንሸራተት ነበር። ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ደወሉ። ሁለት፣ ሦስት፣ አራት… ሰባት። እኔም ደወልኩ። ከኋላዬ ምንም የለም። ዞር አልኩ፤ የባትሪው ብርሃን የለም። በቃ፣ ደግሞ ልንቆም ነው አልኩ በሆዴ። እዚህ ድልድይ ላይ፣ በዚህ ንፋስ፣ ለዚህ ሰውዬ! አሁን መነጽሩን ጠራርጎ ከተፍ ይላል። እጄ ቀደመኝና ደወልኩለት። «ሙሉ ነን!» ሲሉ ሰማሁ። ተመስገን ብዬ ተከተልኩዎት። አይገርምም? አመሰገንኩ።

ቁልቁለቱን ስንወርድ አንገቴ እስኪጣመም ወደ ኋላ ዞርኩ። በየመታጠፊያው፣ ያውና መብራቱ፣ እያልኩ ራሴን አሞኘሁ። መብራት አልነበረም። ከቁልቁለቱ ግርጌ እንደገና ሲቆጥሩ መጮህ ነበረብኝ። «ጋሼ፣ ሰው ቀርቷል፣ ቁሙ!» አራት ቃል ናት። ግን «ድልድዩ ላይስ ማን ደወለ?» ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ሁለተኛም ደወልኩለት። የመጀመሪያው ከድካም ነው። ይሄኛው ከፍርሃት ነው፤ በደንብ አውቄ፣ አስቤበት ያደረግኩት ነው።

ማደያው ጋ ስንደርስ ሊነጋ ብዙም አልቀረውም ነበር። መብራቱ ሥር ስንቆጠር ስምንት ሰው። «ዘጠኝ ሰምቻለሁ» አሉ፣ «ሁለቴም ዘጠኝ።» ከዚያ ውሃው ከአገጭዎ እየተንጠባጠበ ወደ እኔ መጡ።

«የኔ ልጅ፣ ከኋላሽ ሲደወል ሰምተሻል?»

«አልሰማሁም ጋሼ።»

እውነት ነው፣ አልሰማሁም። እውነት ተናግሬ ነው የዋሸሁዎት። ከዚያ የበለጠ ውሸት በሕይወቴ ዋሽቼ አላውቅም።

«የመጨረሻዎቹ ሁለቱ አንድ ዓይነት ድምፅ ነበራቸው» አሉ፣ ለራስዎ እንደሚያወሩ። ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። ደላላው «ጋሼ፣ እንግዲህ ጆሮዎም ጡረታ ይውጣ!» ብሎ አፉን ከፈተ። ማንም አልሳቀም። እርስዎ ግን አንገትዎን ደፉ፤ ያቀረቡልዎትን ሻይ ሳይቀምሱ ብስክሌቱን አዙረው ወደ ዳገቱ ነዱ። ተከተልንዎት።

ድልድዩን እንዳለፍን እጅዎን አነሱ። ቆምን። እኛ የምንሰማው ዝናብ ብቻ ነው። እርስዎ «እዚያ ታች ነው» አሉ። መምህሩ ከመንገዱ ዳር ቦይ ውስጥ፣ እግሩ ተሰብሮ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ፣ ብስክሌቱን ታቅፎ ይደውል ነበር። ሁለት ሰዓት ተኩል እዚያ ቆይቷል። ሐኪሙ ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ ይሞት ነበር አለ። ያን ሰው ያተረፉት እርስዎ ነዎት፤ ገዳዩ ደግሞ እኔ ልሆን ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። በማግሥቱ ግን ወሬው ተገለበጠ፤ «ሽማግሌው ያልተደወለ ደወል ሰምተው ሰው ጥለው ሄዱ» ተባለ። እኔም ሲባል እየሰማሁ ቁልፍ ተከልኩ፣ ዘርፍ ቀመቀምኩ።

መኪና ገና ከጋራዡ በር ሳይገባ በድምፁ ብቻ «ሦስተኛው ካንዴላ ነው» የሚሉ ሰው፣ የሞተር ኮፈን ከፍተው ባለመኪናውን «ለእርስዎ ምን ይሰማዎታል?» ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። ባለፈው ወር የአንድ ሰው ደህና ሞተር አውርደው፣ ምንም ሲያጡበት፣ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው እጅዎን ሲያዩ ዋሉ። ምን እንደሚያስቡ ገብቶኛል፤ የሌለ ደወል የሰማ ጆሮ የሌለ ብልሽት መስማቱ አይቀርም ብለው ነው። ሦስቴ ልነግርዎ መንገዱን ተሻገርኩ። ሦስቴም «መቀሴን ይሳሉልኝ» ብዬ ተመለስኩ። ደህና መቀስ ነበር። እርስዎም ሳይጠይቁ ሳሉልኝ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ውሸት ነው ጋሼ! እኔ ዘንድ ያደረው እውነት እያደር ሻገተ እንጂ አልጠራም።

እትዬ እንደወጡ ሱቄን ዘግቼ መምህሩ ቤት ሄድኩ። ከዘራውን ወንበሩ ላይ ሰቅሎ የፈተና ወረቀት ያርማል። ቆሜ ነገርኩት። ብዕሩን አስቀመጠ።

«እና እኔ ቦይ ውስጥ ተጋድሜ ሳለሁ፣ እናንተ ዘንድ እየደወልኩ ነበር በይኛ» አለ።

ማልቀስ ጀመርኩ።

«ለእኔ በኋላ ታለቅሺልኛለሽ» አለኝ፣ «አይቀርልሽም፤ ሒሳባችን ገና ነው። ለሳቸው ነግረሻል?»

«አልነገርኩም።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

በዚያው መጥቼ ይህን መጻፍ ያዝኩ። ዛሬ ማታ በጋራዡ በር ሥር አሾልከዋለሁ፤ አፌን ስለማላምነው ነው። ቅዳሜ ቡድኑ ሲሰበሰብ ቆሜ ሁሉንም እናገራለሁ፣ ደላላውም ይስማ። ካስወጡኝ ልውጣ፤ ቢያስወጡኝም አልፈርድባቸውም።

ይቅርታ አልለምንዎትም፣ ምን ፊት አለኝ? ሲፈልጉ መጥተው ይስደቡኝ፣ ሰፈሩም ይስማ። ብቻ ሰኞ አይፈርሙ። ያ ጆሮ በዚያ ሁሉ ዝናብ ውስጥ የእኔን እጅ ለይቶ አውቆት ነበር።

የዋሸችዎ ጎረቤትዎ፣
ልብስ ሰፊዋ