ኮሚቴው አሚን ያለለትን ፍላሽ ስለ ማስመለስ

ግንቦት 3 ቀን 2014 ዓ.ም.
ሐይቅ

ለከተማችን የማድመጥና የማስደመጥ ጉዳዮች ዴስክ ክቡር ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ አሰላሙ አለይኩም። እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ልጆችዎ፣ ከብትዎ፣ ወንበርዎ ደኅና ናቸው ወይ? ማኅተምዎስ ቀለሙ አልደረቀም ወይ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ባለችው ባለ አንድ በር ሱቅ ሞባይል እየጠገንኩ፣ ለዓሣ አስጋሪውም ለገበሬውም የሚደመጥ ነገር በሚሞሪ ካርድ እየጫንኩ የምተዳደር ራዚያ ሱሩር ነኝ። ደብዳቤዬን በአደባባይ ያደረግሁት ድፍረት ሆኖ አይደለም። በፖስታ አሽጌ ሦስት ጊዜ ብጽፍ ሦስቱም «በሂደት ላይ» ስለሆኑ፣ አራተኛውን ከሂደት ላድነው ብዬ ነው።

አስቀድሜ ላመስግንዎ። በየካቲት ወር «ለትምህርትና ለመዝናኛ ሊደመጡ የሚገባቸው አሥር ፖድካስቶች» የሚል ዝርዝር በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስለለጠፉልን ከተማው በሙሉ ባለውለታዎ ነው። በዚያ ሰሞን ኔትዎርኩ አንድ ቀን ታይቶ ሦስት ቀን ይጠፋ ስለነበር፣ ሕዝቡ ሰሌዳው ሥር ቆሞ ርዕሶቹን እያነበበ በሚገባ ተዝናንቷል። ፖድካስት ምንድን ነው ብለው ለጠየቁኝ ሽማግሌዎችም፣ ስልክ ላይ ተቀምጦ በፈለጉት ሰዓት የሚደመጥ ራድዮ ነው እያልኩ ያለ ክፍያ አስረድቻለሁ። አሁን ወደ ትንንሾቹ ቅሬታዎቼ ልለፍ።

አንደኛ፦ ሚሞሪ የምንጭን ሱቆች ከአሥሩ በቀር ሌላ እንዳንጭን በታዘዝነው መሠረት፣ ባዶ ፍላሼን ይዤ አሥሩን ልገለብጥ ቢሮዎ መጣሁ። እዚያም ያለው ስማቸው ብቻ እንደሆነ፣ ድምፃቸውን ማንም ሰምቶት እንደማያውቅ፣ ዝርዝሩም ደሴ ላይ ከተካሄደ አውደ ጥናት በወረቀት እንደመጣ በትሕትና ተነገረኝ። ስም ስልክ ላይ ሲደመጥ ሰምቼ ስለማላውቅ ተመለስኩ።

ሁለተኛ፦ በማግስቱ የቢሮዎ ሰዎች መጥተው፣ ያልተፈቀደ ስጭን ተገኝቻለሁ በማለት ሌላውን ፍላሼን ወሰዱት። በፍላሹ ላይ ያለው ለውጡ መጥቶ እንደ ልባችሁ ተናገሩ ስንባል አምኜ የጀመርኩት የራሴ ፖድካስት ነው፤ ስሙ «ከመረብ መልስ» ይባላል። ሐይቁ ዳር ከአስጋሪዎች ጋር ቁጭ ብዬ የቀዳሁት ሠላሳ አንድ ክፍል ነው። ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ ኮምፒውተሬ ተዘረፈ፤ ይቺን ፍላሽ ግን በርበሬ ጣሳ ውስጥ ቀብሬ አተረፍኳት። ከዘራፊ በበርበሬ ያዳንኳትን ለእርስዎ በደረሰኝ አስረከብኩ። ደረሰኙ ንጹሕና የሚነበብ ስለሆነ ለዚህም አመሰግናለሁ።

ሠላሳ አንደኛውን ክፍል ለይቼ መናገር አለብኝ። ተናጋሪው ነፍሱን ይማረውና ዓሣ አስጋሪው ጋሽ አብዱልሰመድ ነው። በዚያ መብራት በሌለበት ኅዳር ስልኬን በባጃጅ ባትሪ ቻርጅ አድርጌ ቀዳሁትና ወደዚህችው ፍላሽ አዛወርኩት። የስኳር መድኃኒቱ ከከተማው ጠፍቶ ነበርና ለልጁ ለነጅዋ ሠርግ እንደማይደርስ ያውቅ ነበር። ስለዚህ ነጅዋ ከቤቱ ስትወጣ ይሰማ ብሎ ዱዓውን አስቀድሞ አደረገላት። በታኅሣሥ ቀበርነው። ሌላ ቅጂ የለኝም። እዚህ ላይ ቀልዴን አቁሜ አዝኛለሁ፣ ተናድጃለሁም ብል ይቅር ይበሉኝ።

ሦስተኛ፦ የፍላሹን ይዘት እንዲመረምር ያቋቋሙት ባለ አምስት ሰው ኮሚቴ ሥራውን በትጋት እንደፈጸመ ከቃለ ጉባኤው ተረድቻለሁ። ቃለ ጉባኤው እንደሚለው፣ አባላቱ ነቀፋ ለመመዝገብ እስክሪብቶ ይዘው ሲያዳምጡ ጋሽ አብዱልሰመድ ቤታችሁ እንግዳ አይጣ፣ ልጃችሁ ያገሩን ሰው ያክብር እያለ ሲመርቅ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እስክሪብቶውን ጥሎ መዳፉን ዘርግቷል። ጸሐፊዋ ወይዘሮ መስታወት የሰማችውን የማትዘል ሰው ናትና፣ «ክፍል 31፤ ሰብሳቢው ክቡር ኃላፊ ጭምር ባሉበት በሙሉ ድምፅ አሚን ተብሏል» ብላ ጽፋ አስፈርማችኋለች። እንግዲህ በወሎ ምድር አሚን የተባለለት ነገር በየትኛው መመሪያ እንደሚታገድ ቢያስረዱኝ እማራለሁ።

አራተኛ፦ ጋሽ አብዱልሰመድ መረቡ ከነክዳኑ የሰመጠ ድስት ይዞለት ወጥ አለበት ብሎ የተጣደፈበትን የፍላሹን ጨዋታ፣ ባለፈው ጁምዓ ሰደቃ ላይ በእርስዎ ላይ እንደደረሰ አድርገው ሲያወሩት አራት ሰዎች ሰምተዋል። ክቡርነትዎ ዋና እንደማይችሉ እያወቁም ስቀዋል። ፖድካስቴን ለሕዝብ ከልክለው ለብቻዎ ማድመጥዎ ለእኔ ክብር ነው። ድስቱ ግን የሟች ነው።

ክቡርነትዎ ዝርዝር ስለሚወዱ እኔም ከዚያው ፍላሽ ልጠቁምዎ። ለትምህርት ክፍል ሰባትን ያድምጡ። መሪጌታ ትዕዛዙ የፍየል ቆዳ እንዴት ብራና እንደሚሆን ይናገራሉ፤ እሳቸው ቆዳውን ፍቀው እስኪጨርሱ አንድ የቢሮዎ ጉዳይ አያልቅም። ለመዝናኛ ክፍል አሥራ ሁለት ይሻላል፤ ባለ ባጃጁ ሙአዊያ አምባሰል ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲበጠስበት የተሳለውን ስለት በሙሉ ይዘረዝራል። ሠላሳ አንድን ግን አልጠቁምዎትም፤ እሱ ለነጅዋ ነው።

ጉዳዩን የሚያስቸኩለው ሠርጉ የፊታችን እሑድ መሆኑ ነው። ልጅቷ የአባቴን ድምፅ ሳልሰማ ከደጃፉ አልወጣም ብላለች። ሽማግሌዎች ለምነዋት እምቢ ስላለች፣ ድምፁ ወዳለበት እንወስዳታለን ብለን ተስማምተናል። እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሙሽራዋ፣ አጃቢዎቿና ሁለት መቶ ያህል እንግዳ ቢሮዎ ደጃፍ እንደርሳለን። እሑድ ቢሮው ዝግ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ከሰኞ እስከ ዓርብም ተከፍቶ አላገኘሁትምና አይጨነቁ። የአዋጅ ድምፅ ማጉያውን በመስኮት በኩል ያውጡልንና ፍላሹን ይሰኩልን፤ ሰምተን፣ ፍላሻችንን ይዘን እንሄዳለን።

የደረሰኙን ቅጂ ከዚህ ጋር አያይዤ፣ ለሚሰጡኝ አራተኛ «በሂደት ላይ» ከወዲሁ እጅ እየነሳሁ፣ በሥልጣንዎ ጥላ ሥር ፀሐይ የሚመታኝ ታዛዥዎ፣

ራዚያ ሱሩር

ማስታወሻ፦ ምናልባት ክፍል ሠላሳ አንድ በስህተት ተሰርዞ ከሆነ አይሸሸጉን። እሑድ ደጃፍ ይውጡና በአባቷ ምትክ ልጅቷን እርስዎ ይመርቁልን። ሁለት መቶ ሰው መዳፉን ዘርግቶ ያዳምጥዎታል፤ አሚን ይላል ብዬ ግን ቃል አልገባም።