ካሜራውን እስክመርጥ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 3

ዛሬም አልገዛሁም።

ጠዋት ልብስ አጠብኩ፣ አሰጣሁ፣ ከዚያ ቀጥታ ካሜራ ቤት። ጋሼ ገና ከበሩ ሲያዩኝ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉና «ባለሁለት ልቧ መጣች!» አሉ። ሳልጠይቃቸው ሁለቱንም አወጡልኝ። ትልቁን በቀኝ፣ ትንሿን በግራ፣ ንጹሕ ጨርቅ ላይ። ስንት ቅዳሜ እንዲህ እንዳደረጉልኝ እንጃ...

ጋሼ ካሜራ ይጠግናሉ፣ አዲስም ያገለገለም ይሸጣሉ። ሱቋ ጠባብ ናት፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ነው የሚቆመው። እኔ ግን ገብቼ እቀመጣለሁ።

ትልቁ ያገለገለ ነው። ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰሩ ሰፊ፣ ጨለማ ውስጥ እንኳ ጥርት አድርጎ የሚያነሳ። ግን ሲከብድ! ሌንሱ ደግሞ ለብቻው ነው የሚገዛው። ትንሿ አዲስ ናት፣ ቀላል፣ ቦርሳ ውስጥ የምትገባ፣ ሌንሷም አብሯት ያለ። ጨለማ ላይ ግን ትለግማለች። የእኔው አሮጌ ካሜራማ ጨለማ ካየ አበቃለት፤ ፎከስ ፍለጋ ዝዝ... ዝዝ... ሲል ይቆይና ተስፋ ይቆርጣል። ስክሪኑም ግማሹ ጠቁሯል። ያጠራቀምኩት ለአንዱ ይበቃል፣ ለሁለቱ አይበቃም። ለነገሩ ፎቶ ማንሳት እንጀራዬ አይደለም፤ ትርፍ ሰዓት ማሳለፊያ ነው። ትርፍ ሰዓት ደግሞ ሞልቶኛል።

«ምን ልታነሺበት ነው?» አሉ ጋሼ። ሁሌም ይጠይቃሉ።

«ደረጃ... መስኮት... ወንበር...»

«ወንበር አይሮጥም። ትንሿ ትበቃሻለች።»

«ግን የኛ ደረጃ ጨለማ ነው እኮ።»

«እንግዲያው ትልቁ!»

«ይከብዳል እኮ ጋሼ።»

«ኧረ በሕግ አምላክ! ይቺ ልጅ ልታሳብደኝ ነው።»

ይቺ ልጅ። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ደስ አለኝ ግን።

እሁድ፣ ጥቅምት 4

ወንድሜ ደወለ። ታናሼ ነው፤ ሌላ ከተማ ነው የሚኖረው፣ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር። እናታችን ካረፈች ወዲህ እሁድ እሁድ ይደውላል። ድሮ የምናወራው ስለ እሷ መድኃኒት ነበር። አሁን ስለ ካሜራ።

«እታለም፣ ገዛሽ?»

«ገና ነኝ።»

«ስልክሽ ያነሳ የለ እንዴ?»

እሱን ማለቱ ነው የጠቀመኝ። ስልክና ካሜራ አንድ እንዳልሆኑ ማስረዳት ጀመርኩ... ሴንሰር፣ ሌንስ፣ ባትሪ። አልዘጋውም። «እህ... እህ...» ይላል። ከኋላው ልጆቹ ይጯጯሃሉ። ወሬ ሲያልቅብኝ ጩኸታቸውን አዳመጥኩ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 7

ሥራ። ቀኑን ሙሉ የአንድ ሰው የፊት ጥርሶች ስሠራ ዋልኩ። ወንድ ይሁን ሴት አላውቅም። ከሐኪሙ የሚመጣልኝ የድዱ ቅርጽና የቀለሙ ቁጥር ብቻ ነው። በሰም እቀርጻለሁ፣ እሞርዳለሁ፣ አጋግላለሁ፣ አስውባለሁ፣ ታሽጎ ይሄዳል። አንድ የማላውቀው ሰው በኔ ጥርስ ሲስቅ ይኖራል። ለኔ ግን አይስቅልኝም።

ላቦራቶሪው ውስጥ አራት ነን። አራታችንም ጆሯችን ላይ ማዳመጫ አለ፤ የመሞረጃው ጩኸት አያናግርም። ስወጣ «ደህና እደሩ» አልኩ። ማንም አልሰማም መሰለኝ። ወይስ አላልኩም ይሆን?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 10

ዛሬ ጉድ ሆንኩ።

ሁለቱን ካሜራ በቀለም ላወዳድራቸው ብዬ የጥርስ ቀለም መለኪያችንን ከሥራ ቦታ ይዤ ሄድኩ። ከነጭ ጀምሮ ሻይ እስኪመስል ድረስ የተደረደሩ ሰው ሠራሽ ጥርሶች ናቸው። መስኮቱ ጋ አስቀምጬ በትልቁም በትንሿም አነሳኋቸው። ከዚህ የተሻለ መፈተኛ ከየት ይመጣል? እያንዳንዱን ቀለም በልቤ ነው የማውቀው።

ጋሼ ስክሪኑን ሲያዩ ክው አሉ።

«በስመ አብ! ምንድነው ይሄ?»

«ጥርስ ነው ጋሼ።»

«መሆኑንማ አየሁት! ሰው ካሜራ ሲሞክር አበባ ያነሳል፣ ልጅ ያነሳል፣ ቢያጣ ድመት ያነሳል...»

«ቀለሙን ላረጋግጥ ብዬ ነው።»

«ፊቱስ? የጥርሱ ባለቤት ወዴት ሄደ?»

ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ሻይ አስመጡ። እኔ እንዲህ የሳቅኩበት ቀን መቼ ነበር?

ቤት ገብቼ በአሮጌው ካሜራ ያነሳሁትን ሁሉ አገላበጥኩ። ደረጃ፣ የበር እጀታ፣ ዝናብ የመታው መስታወት፣ ባዶ አግዳሚ ወንበር... አንድም ፊት የለም። የእናቴ እንኳ ያለኝ እጇ ብቻ ነው። ኩባያ ይዛ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 17

ትልቁ? ትንሿ? ገና አልወሰንኩም። ባትሪያቸውን አየን፣ ማሰሪያቸውን አየን። ጋሼ ወጣት ሳሉ ሌንስ ሲያጸዱ አስነጥሷቸው ምን እንደደረሰባቸው ነገሩኝ። ከዚህ በፊትም ነግረውኛል። ዝም ብዬ እንደ አዲስ ሰማሁ።

እሁድ፣ ጥቅምት 18

«እታለም፣ እስኪ ቁርጡን ንገሪኝ። አንዱን ብቻ!»

«ከሁለቱ እኮ...»

«አንዱን አልኩሽ።»

«እ... ትንሿ መሰለችኝ። ግን ደግሞ ትልቁ...»

«በቃ በቃ!» ብሎ ሳቀ። ምን ቸኩሎ ነው?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 29

ካርቶን መጣልኝ። ከወንድሜ።

ትንሿ ናት። አዲስ፣ ከነማሸጊያዋ።

ወዲያው ደወልኩለት። «ገላገልኩሽ አይደል?» አለኝ፤ ደስታው በስልክ ያስታውቃል። «ትልቁ ይከብድሻል ብዬ ነው። ትከሻሽን የማላውቀው መሰለሽ?» አመሰገንኩት። መረቅኩት። ልጆቹን ሳምልኝ አልኩት። ስልኩን ዘጋሁና አለቀስኩ።

ከደስታ ቢሆን ምን ነበረበት... ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ወንድሜ ከልጆቹ ላይ ቀንሶ ገዝቶልኝ እኔ የማስበው ስለ ቅዳሜ ነው። ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ነው። ካሜራ ያላት ሴት ካሜራ ቤት ምን ብላ ትሄዳለች? ምን ብዬ ልቀመጥ ነው?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 1

ሄድኩ።

«እህሳ፣ ወሰንሽ?»

«ገና ጋሼ።»

አፌ ዝም ብሎ አለው። ካሜራዋ እቤት ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ብርድ ልብስ ሥር ናት። እኔ እዚህ ሌላዋን ትንሿን አንስቼ «ቀላል ናት አይደል?» እላለሁ፣ እንደ አዲስ። ጋሼም እንደ አዲስ ያስረዱኛል። እንዴት ያለ ጥሩ ቀን ነበር! ማፈር ነበረብኝ። ያፈርኩት ደረጃዬን ስወጣ ነው።

እሁድ፣ ኅዳር 2

«ተመቸችሽ?»

«በጣም!»

«ምን አነሳሽባት?»

«...መስኮት።»

«ጎሽ።»

«እሺ እንግዲህ፣ ሰላም ሁኚ እታለም።» አለቀ። ድሮ ግማሽ ሰዓት እናወራ የነበረው ይሄ ነው? ካሜራዋ መጣችና ወሬያችን ሄደ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8

ነገር ተበላሸ።

ጋሼ ዛሬ ትልቁን ብቻ ነበር ያወጡት። «ትናንት ለትንሽ ሊያመልጥሽ ነበር» አሉኝ። «አንድ ሠርግ የሚያነሳ ሰው መጥቶ፣ ገንዘቡን ይዞ፣ አሁኑኑ ስጠኝ አለኝ። የሰው ነው አልኩት።»

«የማን?» አልኩ፣ እንደ ሞኝ።

«ያንቺ ነዋ! የማን ይሆናል? ስንት ጊዜ ስታገላብጪው ከርመሽ ለሌላ ልስጥብሽ?»

ከዚህ በላይ አልቻልኩም።

«ጋሼ... ካሜራ አለኝ። ወንድሜ ገዝቶ ላከልኝ። ትንሿን።»

«ጎሽ! መቼ?»

«ካለፈው ቅዳሜ በፊት።»

መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። አዩኝ።

«ታዲያ ባለፈው ቅዳሜ ምን ልታደርጊ መጣሽ?»

«...እንዲሁ።»

«እንዲሁ!» አሉ። ቀስ ብለው ነው ያሉት። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። «ሰውየው እኮ ሄደ። እኔ ደግሞ የሱቁ ኪራይ ደርሶብኛል። እንዲሁ ትለኛለች...»

ትልቁን በጨርቅ ጠቅልለው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ብሎን መፈለግ ጀመሩ። ብሎን የጠፋባቸው አይመስለኝም። ወጣሁ።

«ቅዳሜ የምሄድበት ስለሌለኝ ነው» ማለት ይሄን ያህል ይከብዳል? ይኸው እዚህ እንኳ፣ ማንም በማያየው ወረቀት ላይ፣ ዞር ዞር ብዬ ነው የጻፍኩት። ብቻዬን ነኝ። አንዱን ከመረጥኩ ጨዋታው ያበቃል ብዬ ነው ያልመረጥኩት። በቃ፣ ይሄው ነው።

ሰኞ፣ ኅዳር 10

ሥራ። ማንም ምንም አላለኝም። እኔም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 15

አልሄድኩም።

ልብስ አጠብኩ። መጋረጃ አጠብኩ። ወለል ወለወልኩ። ሰዓት ሳይ ገና ረፋድ ነው! ቅዳሜ እንዲህ ረጅም ነበር እንዴ?

ካሜራዋን ከብርድ ልብሱ ሥር አወጣኋት። ቆንጆ ናት፣ ምን ይወጣላታል። መስኮቱ ጋ ቁጭ አልኩ። ከታች ሰው ያልፋል፣ ሁለት ሁለት ሆኖ፣ እያወራ። አላነሳሁም። ማታ ላይ ድምፄን ለመስማት ብዬ «እሺ» አልኩ። ለማን ነው እሺ የምለው?

እሁድ፣ ኅዳር 16

ወንድሜ «ተመቸችሽ?» ሲለኝ ሁሉንም ነገርኩት። ጋሼን፣ ውሸቴን፣ ያመለጣቸውን ገዢ፣ ያለቀስኩትንም ሳይቀር። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «አለህ?» አልኩ።

«አለሁ... እኔ ነኛ ያበላሸሁብሽ?»

«ኧረ አንተማ ምን አጠፋህ! ክፉ አይንካህ።»

«እኔ እኮ እታለም... ስለ ካሜራ የምጠይቅሽ ሌላ ምን እንደምጠይቅሽ ስለማላውቅ ነው። ከእማዬ በኋላ ምን ልበልሽ? ስደውል ምን እንደምልሽ ቅዳሜ ማታ ሳስብ ነው የማመሸው።»

አፍንጫችንን ስንስብ አንዳችን የሌላችንን ሰማን። አሳቀን።

«ሂጂና ለሰውዬው ንገሪያቸው» አለኝ።

«ምን ብዬ?»

«ለኔ ያልሽኝን።»

ከዚያ ስልኩን ትንሿ ልጁ ነጠቀችው። «አክስቴ! ጥርሴ ወለቀ! አባዬ አክስትሽ ትሠራልሻለች አለኝ!» በራሱ እንደሚበቅል ባስረዳት አላምን አለች። የምትፈልገው ወርቅ ነው። እምቢ አልኩ። ተከራከርን፣ እናቷ ለምሳ እስክትጠራት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 22

ሄድኩ። እግሬን እየጎተትኩ።

ሱቋ ሙሉ ነበረች። አንዱ ባትሪ ይመርጣል፣ አንዷ የተሰበረ ካሜራ ይዛ ትማጸናለች። ጋሼ ቀና ብለው አዩኝና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ደጅ ቆምኩ። ስንቱ መጣ! አንገቱን አስግጎ ያያል፣ ቦታ የለም፣ ይሄዳል። ስንት ቅዳሜ እኔ እዛ ውስጥ ተዘፍዝፌ እንዲህ እያዩ ተመልሰዋል? ከመሬት በታች ብገባ በወደድኩ።

ባዶ ሲሆንላቸው ገባሁ። አልተቀመጥኩም።

«ጋሼ፣ የምገዛው የለኝም።»

«አውቃለሁ።»

«ብቻዬን ነኝ። ቅዳሜ የምሄድበት የለኝም። ካልመረጥኩ መምጣት እችላለሁ ብዬ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

አልኩት። ወጣልኝ። እሳቸው ሌንስ ይወለውላሉ፣ ይወለውላሉ...

«ትልቁስ?» አልኩ።

«ተሸጠ። ያው ሰውዬ ተመልሶ መጣ። ዋጋውን ግን ቀነሰብኝ፣ ይድፋውና።»

«በኔ ምክንያት...»

«አዎ፣ ባንቺ ምክንያት።» ሌንሱን አስቀመጡ። «ሁለተኛ ቅዳሜ እንዳትመጪ።»

ራሴን ነቅንቄ ወደ በሩ ዞርኩ።

«ወዴት ነው? አልጨረስኩም እኮ! ቅዳሜ ገበያዬ ነው፤ አንቺ ደግሞ አንዴ ከገባሽ አትወጪም። ማክሰኞ ነይ። ማክሰኞ ዝንብ እንኳ ዝር አይልም። ከሬዲዮ ጋር ስጨቃጨቅ ነው የምውለው፣ እሱ ደግሞ አይመልስልኝም።»

«ማክሰኞ ሥራ አለኝ ጋሼ...»

«እሱን አንቺ ታውቂያለሽ» አሉና ብሎናቸውን መፈለግ ጀመሩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 25

የከሰዓት ፈቃድ ጠየቅኩ። እዚህ ላቦራቶሪ ስንት ዓመት ስሠራ ለእናቴ ቀብር ካልሆነ ፈቃድ ጠይቄ አላውቅም። አለቃዬ ደንግጦ ማዳመጫውን ከጆሮው አወለቀ።

«ምነው? አመመሽ እንዴ?»

«አይ» አልኩት። «ሰው እየጠበቀኝ ነው።»