ያነበብኩልህ እንግሊዝኛ

ውድ ሙሀመድኑር፣

አሰላሙ ዐለይኩም። አከም ጅርታ? የጅቡቲ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኔ ረቢአ ነኝ፤ መናኸሪያው ጀርባ ፕሌስቴሽን ቤት የነበረው የሲራጅ እህት። ረስቼሻለሁ ብትለኝ እንጣላለን!

ስልክህን ከእህትህ ከሁዳ ተቀብዬ ሁለቴ ደውዬ ነበር። "አሎ" ስትል ዘጋሁት። በአፌ አልወጣ ሲለኝ ነው በወረቀት የመጣሁት።

ዘጠኝ ወሬ ገብቷል። ባለፈው ሐሙስ የሰፈሩ ዱዓ አድራጊ እናቶች፣ ዱበርቲዎቹ፣ ቤታችን ተሰብስበው ሆዴን እየዳበሱ ዱዓ አደረጉልኝ። ሲጨርሱ ትልቋ፣ እመት ቶይባ፣ "ልጄ፣ ምጥ ሳይመጣ የበደልሽውን ሁሉ አውፍ በሉኝ በዪ፤ ቂም ያለበት ምጥ ይጠናል" አሉኝ። ጎረቤቱን አዳረስኩ፤ ባሌንም ሳይቀር። አንተ ብቻ ቀረህ።

የ2000 ዓ.ም. ረመዳን ትዝ ይልሃል? ጾሙን የምንረሳው ሲራጅ ቤት ነበር። ሌሎቹ በኳስ ጨዋታ ሲራኮቱ እኛ ያችን ከአዲስ አበባ የመጣች ሲዲ አንለቅም። ነጠብጣብ እየለቀመች ከጅኒ የምትሸሸው የድሮዋ ቢጫ ኳስ፣ በዚህችኛው ሲዲ ለአራት ሰው የምትሆን ጨዋታ ሆና መጣች። ዳይስ እንጥላለን፣ ሰሌዳው ላይ እንሄዳለን፣ በየመሃሉ እንሽቀዳደማለን። ቢጫው አንተ፣ ሰማያዊው እኔ፣ የቀሩት ሁዳና ሲራጅ። ጅኒው በቀረበህ ቁጥር ጆይስቲኩን ደረትህ ላይ ለጥፈህ "አዑዙ ቢላህ!" ትላለህ፤ እኛ በሳቅ እንሞታለን።

ጽሑፉ ሁሉ እንግሊዝኛ፣ አንባቢዋ ደግሞ እኔ። "ረቢአ፣ ማል ጄዻ? ምን ይላል?" ትለኛለህ። "ሦስት ቤት ወደ ኋላ ተመለስ ይላል" እልሃለሁ። ወላሂ፣ እንደዚያ አይልም! ግማሹን እኔም አላውቀውም፤ የማውቀውን ደግሞ ለራሴ አደላለሁ። አንተ አንድም ቀን አልተጠራጠርክም።

ያን የመጨረሻ ቀን ጨዋታው እንዳለቀ ጽሑፍ መጣ። "ማል ጄዻ?" አልከኝ። ፊትህ እንደሌላው ቀን አልነበረም፤ እኔ የት ልብ ብዬ! እንደ ልማዴ "ቢጫው ተቀጥቶ ነጥብ ተቀንሶበታል፤ አሸናፊው ሰማያዊው ነው ይላል" አልኩህ። ወዲያው የዐስር አዛን አለ፤ ሲራጅ ቴሌቪዥኑን ዘጋው። "እንግዲህ አላህ ያለው ነው" ብለህ ወጣህ። በነጋታው የአጎትህ መኪና ላይ ረዳት ሆነህ ሄደሃል አሉኝ።

ያኮረፍክ መስሎኝ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በሁዳ ሠርግ ሂና ስንቀባ ነው እውነቱን ከራሷ የሰማሁት። ያን ቀን ጠዋት "ዛሬ ካሸነፍኩ አጎቴን እምቢ ብዬ እቀራለሁ፤ ለረቢአም የልቤን እነግራታለሁ። ከተሸነፍኩ ግን ነገ እሄዳለሁ" ብለሃት ኖሯል። አንተ ጅል! እንዲህ ያለ ነገር በጨዋታ ይወሰናል? ሂናው እጄ ላይ ሳይደርቅ አለቀስኩ።

ባሌ ደግ ሰው ነው፤ ከፍቶኛል ብዬ አልዋሽህም። ከእንግዲህ ምንም እንዲመለስ አልጠይቅህም። ግን ያ ውሸቴ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ይህን ያደረሰልህ ሹፌር ማክሰኞ ይመለሳል። "አውፍ" የምትል አንዲት ቃል በእሱ ላክልኝ፤ ሳልሰማት መውለድ ፈርቻለሁ። ብትከለክለኝም አልፈርድብህም።

ያን ቀን የተጻፈው አጭር ነበር፤ አንድም የማላውቀው ቃል አልነበረበትም። "እንኳን ደስ ያለህ፤ ቢጫው አሸንፏል" ነበር የሚለው።

አውፍታህን የምትጠብቀው
ረቢአ
ከሚሴ፣ ሰኔ 2009 ዓ.ም.