ራሱን ያጸዳል፤ አይወልወል

ውድ እታለም፣

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ስልክሽ ይጮኻል። የሚደውሉልሽ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሰዎች ናቸው፤ የሚጠይቁሽም አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ጥያቄውን አውቀዋለሁ። ምን ብለሽ ልትመልሺ እንዳሰብሽም አውቃለሁ፤ ይህን የምጽፍልሽ ለዚሁ ነው። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ደወልኩ፣ አላነሳሽም። ስለዚህ ደብዳቤውን ለልጅሽ ሰጥቻታለሁ፤ ዛሬ ከሰዓት ወደ አንቺ ስትመጣ በእጅሽ ትሰጥሻለች። "አንብባ እስክትጨርስ አጠገቧ ቁሚ፣ ድስት ጥጃለሁ ብላ እንዳታመልጥሽ" ብያታለሁ።

ትናንት ኮሚቴው ፊት ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ። አላመኑኝም። ሊያሳምናቸው የሚችል አንድ ሰው ነው ያለው፣ እሱም አንቺ ነሽ። የታሪኩን ግማሽ ታውቂዋለሽ፤ ግማሹን ግን ደብቄሻለሁና ከሥሩ ልንገርሽ።

አምና ሆስፒታሉ እነዚያን ኪቦርዶች እንዲገዛ ከማንም በላይ የጮኽኩት እኔ ነበርኩ። ስምንት ዓመት ኮምፒውተር ስጠግን የሚያደንቀኝ ሰው ያገኘሁት ያኔ ነው። ከላያቸው መብራት አላቸው፤ ሰው እጁን ሲያነሳ መብራቱ ይበራና በሦስት ደቂቃ ውስጥ ጀርሙን ይገድላል። ይህን በስብሰባ ላይ አስረድቼ ስጨርስ አንቺ ከፅኑ ሕሙማን ክፍል ነርሶች መሀል ተነሣሽና "እጁን ያልታጠበ ሰው ንጹሕ ኪቦርድ ቢነካ ኪቦርዱ ይቆሽሻል እንጂ እጁ አይጸዳም" አልሽ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ "ሲስተር ሳሙና ሥራ እንዳትፈታ ፈርታ ነው" አልኩ። ሰዉ በሳቅ አውካካ። ነርሶቹ "ሲስተር ሳሙና" እያሉ የሚጠሩሽ ከኋላሽ ነበር፤ ፊት ለፊት የጠራሁሽ የመጀመሪያው ሰው የገዛ ወንድምሽ ሆንኩ። ይቅርታ ሳልጠይቅሽ ዓመት አለፈ።

ውሸታም ነበርክ እንዳትዪኝ፣ መጀመሪያ ላይ ኪቦርዶቹ ሠርተዋል። አንዱን ጠረጴዛዬ ላይ አድርጌ የላቦራቶሪው ጓደኛዬ መብራቱ ሳይበራና ከበራ በኋላ በጥጥ ጠርጎ የወሰደውን ናሙና በሁለት ሳህን አስቀመጠልኝ። የፊተኛው እንደ ሻገተ ዳቦ ሆኖ ወጣ፤ የኋለኛው ላይ ምንም አልበቀለም። ያንን ሳህን ይዤ በየቢሮው ዞርኩ። ችግሩ የመጣው በእናንተ ክፍል ነው። የጽዳት ሠራተኞቹ እንደ ልማዳቸው በበረኪና ሲወለውሉት የመብራቱ መሸፈኛ እየደበዘዘ ሄደ፤ በመጀመሪያው ወር ሁለቱ ተበላሹ። ሥራ አስኪያጁ "ተአምር ያልከን ይሄ ነው?" ብሎ አፋጠጠኝ። በማግስቱ አሥራ ሁለት ተለጣፊ ወረቀት አትሜ ክፍላችሁ ባሉት ኪቦርዶች ሁሉ ላይ ለጠፍኩ፦ "ራሱን ያጸዳል፤ አይወልወል።"

በዚያው ቀን የጽዳት መቆጣጠሪያ ቅጹን ይዘሽ ወርክሾፔ መጣሽ። ጣትሽን ሰባተኛው መስመር ላይ አሳረፍሽ። "ኪቦርድና ማውስ፣ በየፈረቃው ሦስት ጊዜ" ይላል።

"ይሄን ሰርዢው ነው የምትለኝ?"

"አዎ፣ ሰርዢው።"

"እንግዲያው በጽሑፍ ስጠኝ።"

"እታለም ሙቺ! እኔን አታምኚኝም?"

አንድ ጥቅል ጥጥ እንኳ ያለ ፊርማ የማትረከቢ ሰው፣ ትንሽ አየሽኝና እስክሪብቶሽን አውጥተሽ መስመሩን ሰረዝሽው። ከአጠገቡም ፈረምሽ። ወርክሾፑ ውስጥ ከሁለታችን በቀር ማንም አልነበረም።

አሁን የደበቅኩሽ ጋ ደረስኩ። ኪቦርዶቹ መብራታቸው ስንት ጊዜ እንደ በራ፣ ስንት ጊዜም ሦስቱን ደቂቃ እንደ ጨረሰ ይመዘግባሉ። ያ አራተኛው አልጋ ላይ የተኛው ሾፌር ከመምጣቱ ሦስት ሳምንት በፊት መዝገቡን ከየክፍሉ ሰብስቤ አየሁት። ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ያለው ኪቦርድ በደንብ ይሠራል፤ ሰውየው ሻይ ሊጠጣ በወጣ ቁጥር ኪቦርዱ ይጸዳል፣ ሰውየው ደግሞ ሻይ ይወዳል። የእናንተ ክፍል ግን ሌላ ነው። አራተኛው አልጋ ጋ ያለው በአንድ ቀን ስድሳ ሦስት ጊዜ በርቶ የጨረሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የሰው እጅ ሲቀርበው ቆዳ እንዳይጎዳ ይጠፋል፤ በፅኑ ሕሙማን ክፍል ደግሞ ኪቦርዱ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ሳይነካ አይቆይም። ሁላችሁም "ጸድቷል" እያላችሁ የምታዩት አረንጓዴ መብራትም ኤሌክትሪክ አለ ማለት እንጂ ሌላ ትርጉም የለውም።

ያን ቀን ሮጬ መጥቼ ወረቀቶቹን መገንጠል ነበረብኝ። ነገር ግን ለቀዶ ሕክምና ክፍል ሌላ ግዢ እየተዘጋጀ ነበር፤ ይጠቅማል ብዬ የፈረምኩትም እኔ ነኝ። "በሚቀጥለው ሳምንት እናገራለሁ" አልኩ። ሳምንቱ ሲመጣ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።

ሾፌሩን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ጎድን አጥንቱ ተሰብሮ አራተኛው አልጋ ላይ ተኝቶ እንኳ ቀልዱን አልተወም ነበር። እጅሽን ስትታጠቢ አይቶ "ሲስተር፣ እኔ መኪናዬንም እንዲህ አላጥባት" ሲልሽ ኮምፒውተር ልጠግን ገብቼ ሰምቻለሁ። በስምንተኛው ቀን ትኩሳቱ ተነሣ፣ በአሥራ አንደኛው ሞተ። ከሳምባው የተገኘው ጀርምና አራተኛው ኪቦርድ ላይ የተገኘው አንድ ዓይነት ሆነ። ከኪቦርዱ ወደ እሱ ይሂድ ወይስ ከእሱ ወደ ኪቦርዱ ይምጣ፣ ላቦራቶሪው ሊለይ አልቻለም። እኔም እስከ ትናንት ድረስ በዚህች "አይታወቅም" ውስጥ ተሸሽጌ ቆየሁ።

ከዚያ ያ የኮሚቴው የመጀመሪያ ስብሰባ መጣ። ቅጹን ከፍ አድርገው "ሰባተኛውን መስመር ማን ሰረዘው?" አሉሽ። "እኔ" አልሽ። "በማን ትእዛዝ?" ሲሉሽ ቀና ብለሽ አየሽኝ። እኔ የመሣሪያ ባለሙያ ተብዬ ጥግ ላይ ተቀምጫለሁ። አቀርቅሬ ጫማዬን አየሁ። "በራሴ" አልሽና ቃልሽ ላይ ፈረምሽ።

በሩ ላይ ደርሼብሽ ክንድሽን ስይዝ ያልሽኝ ቃል በቃል ትዝ ይለኛል።

"አንተ ገና የሚማሩ ሁለት ልጆች አሉህ። እኔ ጡረታዬ እየደረሰ ነው። ማስጠንቀቂያ ሰጥተው ይተዉኛል።"

"እታለም፣ ግቢ እንመለስና እኔ ልንገራቸው..."

"ዝም በል አልኩህ! ስለዚህ ነገር ከደወልክልኝ ስልክ አላነሳም።"

ዝም በል ስባል ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ፤ ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ደብዳቤው ሁሉ ውሸት ይሆናል። የጎረቤታችንን ሬዲዮ ፈታትቼ መግጠም ሲያቅተኝ "ከእጄ ወድቆ ነው" ብለሽ የተገረፍሽው አንቺ ነሽ፤ ያኔም አልጋ ሥር ሆኜ ደስ ብሎኝ ነበር። ያኔ ግን ሰባት ዓመቴ ነበር፤ አሁን አርባ አንድ ሞልቶኛል። አንቺ እስኪወሰን ከሥራ ታግደሽ ዕቃሽን ይዘሽ ከሄድሽ በኋላ ስድስት ሳምንት ሙሉ ሆድ ይፍጀው ብዬ ምሳዬን እየበላሁ፣ ልጆቼን ትምህርት ቤት እያደረስኩ ከረምኩ።

በዚያ መሀል አንድ ጠዋት ክፍላችሁ ጥግ ቆሜ አንድ ሰዓት ያህል ዝም ብዬ አየሁ። ያቺ አጭሯ ነርስ ጓንት እንዳጠለቀች የበሽተኛውን ቱቦ ነካካች፣ በዚያው ጓንት ኪቦርዱ ላይ ጻፈች፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈች። "እጅሽንስ?" አልኳት። ሳቀችብኝ። "ራሱን ያጸዳል ብለህ የለጠፍከው አንተ አይደለህ እንዴ? ለኪቦርዱ ብዬ ስንቴ ልታጠብ!" አለች። አንቺ ብትኖሪ ኖሮ እስከ ክርኗ አሳጥበሻት ነበር። እኔ ግን ወደ ወርክሾፔ ተመለስኩ።

ከዘጠኝ ቀን በፊት ነው ነገሩ ማስጠንቀቂያ እንዳልሆነ የሰማሁት። የሙያ ፈቃድሽን ሊነጥቁሽ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራሽበትን ፈቃድ! "በቸልተኝነቷ ሕመምተኛ ለሞት አጋልጣለች" ተብሎ በስምሽ ይጻፋል። አንቺ ይህን ስለማታውቂ ነው ተረጋግተሽ የተቀመጥሽው። እኔ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ስለዚህ ትናንት መዝገቡን አትሜ ገባሁ። ተለጣፊውንም፣ ስድሳ ሦስቱንም፣ "አታምኚኝም?" ያልኩሽንም አንድ ሳላስቀር ተናገርኩ። ከኮሚቴው አንዷ ሐኪም መነጽሯን አውልቃ "ታዲያ ይህ ዕቃ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም?" አለችኝ። አምና ብትጠይቀኝ አንድ ሰዓት እለፈልፍ ነበር። "እጁን ለሚታጠብ ሰው ትንሽ ይረዳ ይሆናል። እጅ መታጠቡንና መወልወያ ጨርቁን ካስጣለ ግን ባይገዛ ይሻላል። እህቴ ይህን አምና ነግራችሁ ነበር፤ ያሳቅሁባት እኔ ነኝ" አልኳት። ግዢውን እዚያው አቆሙት። ወረቀቶቹን ዛሬ ጠዋት በጥፍሬ ፍቄ አነሣኋቸው፤ መወልወሉም ተመልሷል።

የአንቺ ጉዳይ ላይ ሲደርሱ ግን ሰብሳቢው ራሱን ነቀነቀ።

"ወንድም ለእህቱ ቢሟገት ማን ይፈርድበታል? ግን እሷ በራሴ ነው የሰረዝኩት ብላ ፈርማለች። ትእዛዝህ የታለ? በጽሑፍ ሰጥተሃታል?"

አልሰጠሁሽም። እንዳይኖር ያደረግሁት እኔው ነኝ።

"እንግዲያው ሐሙስ ደውለን እንጠይቃታለን። ቃሏን ካልቀየረች በፊርማዋ እንወስናለን" አለ።

ስወጣ የሾፌሩ ሚስት ኮሪደሩ ላይ ቆማለች። ሄጄ "ጥፋቱ የእኔ ነው" አልኳት። ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ።

"አንተ ወንድሟ ነህ አይደል?"

"አዎ፣ ነኝ።"

"ባሌን እጁን ይዛ ስታባብለው በዓይኔ አይቻለሁ። እንደ እናቴ ነበር የማያት። አሁን ስሟ ሲነሣ ሆዴ ይቃጠላል።"

"እሷ አይደለችም፣ እኔ ነኝ እያልኩዎት ነው እኮ።"

"እሷ ነኝ ብላ ፈርማለች፣ አንተ ነኝ ብለህ ትመጣለህ! አንዳችሁ ዋሽታችሁኛል። የትኛችሁ እንደ ዋሻችሁኝ ሳላውቅ እድሜ ልኬን ልኑር?"

መልሴን ሳትጠብቅ ቦርሳዋን አንሥታ ሄደች።

እታለም፣ "ሥራውን ያጣል፣ ልጆቹ ይቸገራሉ" እያልሽ እንደሆነ ከዚህ ሆኜ ይሰማኛል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው አንቺን አይተው መሆን አለበት። ለባለቤቴ ነግሬያታለሁ። አለቀሰች፣ ከዚያ "ሂድና ተናገር" አለችኝ። ሥራዬን ባጣም የሚበላሽ ኮምፒውተር በየቤቱ ሞልቷል፤ ጦሜን አላድርም። ከዚያም የባሰ ቢፈርዱብኝ እሸከመዋለሁ። የማልችለው አንቺ በእኔ ፈንታ ስትሸከሚው ማየት ነው። ስድስት ሳምንት ሞክሬው ሰው ሆኜ አልሰነበትኩም።

ደግሞ ነገሩ በእኔና በአንቺ መካከል ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት እሺ ባልኩሽ ነበር። አሁን ግን ያቺ ሴት አለች። እኔን ስትሸሽጊ እሷ የባሏን እጅ የያዘችላትን ሰው እየጠላች ትኖራለች።

ሐሙስ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርገው ጠረጴዛው ላይ ያኖሩታል። እሷም ገብታ እንድትሰማ ፈቅደውላታል። ስለዚህ "በማን ትእዛዝ?" ሲሉሽ የምትመልሺው ለሰብሳቢው እንዳይመስልሽ። የጠየቀችሽ እሷ ናት። ስሜን ንገሪያት።

ታናሽ ወንድምሽ